ለድሬዳዋ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የቱ አገልግሎት ይሻላል፦ በርሜል፣ ንባብ፣ ችግኝ ወይስ የደቻቱ ወንዝ ጽዳት?

መስከረም ሲጠባ የዜግነት ትምህርት መምህሩም የክበብ ተጠሪውም የሚጠይቁት ያው ነው፤ «ዘንድሮ ልጆቹን ምን እናሠራቸው?» መልሱ ብዙ ጊዜ ከልማድ ይመጣል። አምና ጽዳት ነበር፣ ዘንድሮም ጽዳት ይሁን። ካቻምና ችግኝ ተክለን ነበር፣ እንድገመው። ከዚያ ባነር ይታተማል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ሪፖርት ይጻፋል። ተማሪው ላቡን አፍስሶ ወደ ቤቱ ይገባል፤ ምን ተማርክ ቢባል ግን «አጸዳን» ከማለት በቀር የሚጨምረው የለውም።

እዚህ የምናነጻጽራቸው በድሬዳዋ በአንድ ትምህርት ቤት አቅም ሊሠሩ የሚችሉ አራት ሥራዎችን ነው። መመዘኛችን በዋናነት ሁለት ነው። አንደኛው፣ ተማሪው በእጁ የሚለካው ወይም የሚቆጥረው ነገር መኖሩ ነው። ሁለተኛው፣ ያንን ቁጥር ይዞ የሚሄድበትና ለጉዳዩ ኃላፊነት ያለበት መሥሪያ ቤት መኖሩ ነው። ሁለቱም ከሌሉ ሥራው ነፃ ጉልበት ነው። ነፃ ጉልበት ክፉ ነገር አይደለም፤ ደቦ አገር አቅንቷል። ንቁ ዜጋ ግን የተዘጋ ቱቦ መክፈት ብቻ ሳይሆን ቱቦው ለምን እንደሚዘጋና ማን ሊጠብቀው እንደሚገባ መጠየቅም አለበት። ያንን የሚለማመድበት ቦታ ደግሞ ከክፍሉ የተሻለ የለም።

ሥራውን ከመምረጣችሁ በፊት ሰዓቱን ምረጡ። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ቆላ ከተማ ናት፤ ደጋ ለሚገኝ ትምህርት ቤት የወጣ ዕቅድ እዚህ አይሠራም። የውጭ ሥራ ከጠዋቱ 12፡30 እስከ 3፡00 ሰዓት ይሁን። ከ4፡00 ሰዓት በኋላ ፀሐይ ላይ የቆመ ተማሪ ወደ ጥላ ይሸሻል እንጂ መረጃ አይሰበስብም፤ ግንቦትና ሰኔ ላይማ ጭራሽ አይሞከርም። ከሰዓት በኋላ ቤት ለቤት መሄድም አያዋጣም፤ ግማሹ ሰው ሙቀቱን ሸሽቶ ተኝቷል፣ ግማሹ በርጫ ላይ ነው። ዓርብን ለጁምዓ ተዉት። በረመዳን ጉልበት የሚጠይቅ ሥራ አይያዝ፤ ቁጥር የማጠናቀርና ደብዳቤ የመጻፍ ሥራ ለዚያ ወር ይመቻል። ለአብዛኛው ትምህርት ቤት የሚስማማው ቅዳሜ ጠዋት ነው።

የውኃ ዕቃ ፍተሻ

ከአራቱ አስቀድመን የምንመክረው ይኼንን ነው፤ ሰፊ ቦታ የሰጠነውም ለዚሁ ነው። በ2006 ዓ.ም. መጀመሪያ ደንጊ፣ በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ቺኩንጉንያ ድሬዳዋን መትተዋል። ሁለቱንም የምታስተላልፈው ኤደስ የተባለችው ትንኝ በረግረግ ሳይሆን በበርሜል፣ በጀሪካን፣ በሮቶና በአሮጌ ጎማ ውስጥ ትራባለች፤ የምትናከሰውም በቀን ስለሆነ የሌሊት አጎበር ብቻውን አያድንም። በ2014 ዓ.ም. በበጋ ከተማዋን ያስጨነቀው ወባም አኖፌለስ ስቴፈንሲ ከምትባል ሌላ ትንኝ ጋር ተያይዟል፤ እሷም በከተማ የውኃ ማጠራቀሚያ ውስጥ መራባት ትችላለች። ስለዚህ አንድ ግቢ ውስጥ ያለ በርሜል የሦስት በሽታ መፈልፈያ ሊሆን ይችላል።

60 ተማሪ ያለው ክፍል አምስት አምስት ሆኖ ሲከፈል 12 ቡድን ይወጣዋል። እያንዳንዱ ቡድን 5 ቤት ቢያይ በአንድ ጠዋት 60 ቤት ይሸፈናል። ለአንድ ቤት 15 ደቂቃ ይበቃል። የሚያስፈልገው ነጭ ሳህን፣ ጭልፋ፣ የእጅ ባትሪ፣ ቅጽና እስክሪብቶ ነው። ሥራ ይከፋፈላል፤ አንዱ ያናግራል፣ አንዱ በባትሪ ያያል፣ አንዱ ይቀዳል፣ አንዱ ይጽፋል፣ አንዱ ሰዓትና ደኅንነት ይጠብቃል። በየቡድኑ አፋን ኦሮሞ ወይም ሶማልኛ የሚናገር ልጅ ይኑር። ድሬዳዋ ላይ በር የሚከፍተው ሰላምታው የተሰጠበት ቋንቋ ነው።

በር ላይ የሚባለው አጭር ይሁን። «እማማ፣ እንደምን አደሩ? ከትምህርት ቤት ነው የመጣነው። የወባና የደንጊ ትንኝ እጭ መኖር አለመኖሩን ልናይ ነበር። ስም አንመዘግብም። የውኃ ዕቃዎን ቢያሳዩን?» እምቢ ካሉ አመስግኖ መሄድ ነው፤ ልመናም ክርክርም የለም።

ቅጹ ላይ የሚሞሉት ስድስት ነገሮች ናቸው፤ የቤቱ መለያ ቁጥር (የባለቤቱ ስም አይደለም)፣ የዕቃው ዓይነት፣ ውኃ አለው ወይስ ደረቅ ነው፣ ተከድኗል ወይስ ክፍት ነው፣ እጭ አለው ወይስ የለውም፣ በመጨረሻም የቧንቧ ውኃ በስንት ቀን አንዴ ይመጣል። የመጨረሻዋን ጥያቄ ብዙዎች ይረሷታል። ለምን ከሁሉ እንደምትበልጥ በኋላ ይታያል።

እጭ ፍለጋ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በርሜሉ ላይ ጥላ ከወደቀ ወይም ከተነካ እጮቹ ወደ ታች ይሰምጣሉ፤ ያኔ «የለም» ተብሎ ይጻፋል። ቀስ ብሎ ቀርቦ፣ ባትሪውን ከጎን አብርቶ፣ ሁለትና ሦስት ደቂቃ መጠበቅ ያስፈልጋል። ከዚያ ከጠርዙ አካባቢ በጭልፋ ቀድቶ ነጭ ሳህን ላይ ማፍሰስ። የኤደስ እጭ ጭራዋን ከውኃው ገጽ አስነክታ ጭንቅላቷን ወደ ታች ዘቅዝቃ ትንጠለጠላለች፤ የአኖፌለስ እጭ ግን ከውኃው ገጽ ጋር ጎን ለጎን ተዘርግታ ትተኛለች። ይህን ልዩነት አንዴ በዓይኑ ያየ ተማሪ ከባዮሎጂ መጽሐፉ ሥዕል የማያገኘውን አግኝቷል።

በብዛት የሚሠራው ስህተት የግቢውን ፊት ብቻ አይቶ መውጣት ነው። ከጓሮ ያለ የተሰበረ እንስራ፣ ጣሪያ ላይ ያለ ክዳኑ የተሰነጠቀ ሮቶ፣ የዶሮ መጠጫ፣ ሠፈሩ ውስጥ ያለ ጎሚስታ ደጃፍ ላይ የተከመረ ጎማ ሁሉ ይታይ። ጣሪያ ላይ ግን ተማሪ አይወጣም፤ ባለቤቱን መጠየቅ ይበቃል።

ሁለተኛው ስህተት ከዚህ ይከፋል፤ ተማሪው የቤቱን ባለቤት «ውኃውን ድፉት» ብሎ ይመክራል። ውኃ በፈረቃ የሚደርሳት እናት ሌሊት ተነስታ የሞላችውን በርሜል አትደፋም፤ ልትደፋም አይገባም። ትክክለኛው ምክር ሁለት ነው። በርሜሉን ቀዳዳ በሌለው ስስ ጨርቅ ሸፍኖ አፉን በገመድ ወይም በላስቲክ ጥብቅ አድርጎ ማሰር፤ ውኃው ባለቀ ቁጥር ደግሞ አዲስ ከመሙላት በፊት የውስጥ ግድግዳውን በብሩሽ ፈትጎ ማጠብ። መፈተጉ የግድ ነው፤ የኤደስ እንቁላል ግድግዳው ላይ ተጣብቆ በደረቅ ለወራት ይቆያል፣ ውኃ ሲነካው ይፈለፈላል። በሞቃት ወቅት ከእንቁላል እስከ በራሪ ትንኝ ያለው ጊዜ ከአንድ ሳምንት ብዙም ስለማይበልጥ ጉዳዩ ሳምንታዊ ነው። ኬሚካል ጨርሶ በተማሪ እጅ አይነካ፤ እሱ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ሥራ ነው።

ስሌቱ የ9ኛ ክፍል ሒሳብ ነው። ለምሳሌ ከታዩት 60 ቤቶች በ12ቱ እጭ ከተገኘ የቤት ምጣኔው 20 በመቶ ይሆናል። ውኃ ያላቸው ዕቃዎች 180 ሆነው 18ቱ እጭ ካላቸው የዕቃ ምጣኔው 10 በመቶ ነው። በ100 ቤት ስንት እጭ ያለበት ዕቃ አለ ካልን ደግሞ 18ን ለ60 አካፍለን በ100 ስናባዛ 30 ይመጣል። የቤት ምጣኔው 5 በመቶ ሲያልፍ እንደ ማስጠንቀቂያ መወሰዱ የቆየ ልማድ ነው። ከአራት ሳምንት በኋላ ያው ቡድን ወደነዚያው ቤቶች ይመለሳል፤ ምክሩ ሠርቶ እንደሆነ የሚታወቀው ያኔ ነው።

አሁን ወደዚያች ጥያቄ እንመለስ። ቤቶቹን ውኃ በሁለትና በሦስት ቀን የሚደርሳቸውና ከሳምንት በላይ የሚጠብቁ ብላችሁ ለሁለት ክፈሏቸው። የእጩን ምጣኔ ለየብቻ አስሉ። ልዩነት ከወጣ የችግሩ ባለቤት በርሜሉን ያልከደነችው እናት ብቻ አይደለችም ማለት ነው፤ ለረጅም ጊዜ ውኃ እንድታጠራቅም ያስገደዳት አቅርቦትም አለበት። ልዩነት አለመውጣቱም ራሱ ውጤት ነው፤ ደብዳቤው ለውኃና ፍሳሽ መሥሪያ ቤት መሆኑ ቀርቶ ለቀበሌው ጤና ክፍል ይሆናል። ተማሪው የጤና ትምህርት ሊሰጥ ሄዶ የአገልግሎት ጥያቄ ይዞ ይመለሳል። ይህ ሥራ ከሌሎቹ የሚበልጠው በዚህ ነው።

ጊዜው ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር ነው፤ ዝናቡ ካበቃ በኋላ ማለት ነው።

የንባብ ማጠናከሪያ ለታችኛ ክፍል

በእግር 10 ደቂቃ ርቀት ላይ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ካለ ይህ ከፍተሻው ጋር የሚወዳደር ምርጫ ነው። በአንድ ነገር ይበልጠዋል፤ የተጠቀመው ልጅ ፊት ለፊት ይታያል። አንድ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ለሦስት የ2ኛ ወይም የ3ኛ ክፍል ልጆች፣ በሳምንት ሁለት ቀን፣ 40 ደቂቃ፣ ለ10 ሳምንት፤ ድምሩ 20 ክፍለ ጊዜ ነው። ፈረቃ ያላቸው ትምህርት ቤቶች በተቃራኒው ፈረቃ ይሠሩታል።

መጀመሪያም መጨረሻም አንድ ገጽ ፈተና ይሰጣል፤ ከላይ 20 ፊደል፣ ቀጥሎ 20 ቃል፣ ከታች 60 ቃል ገደማ ያለው አጭር ምንባብ። ልጁ በአንድ ደቂቃ ስንት ቃል በትክክል አነበበ የሚለው ይመዘገባል። የድሬዳዋ ልዩ ነገር እዚህ አለ። ልጆቹ የሚማሩት በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ ወይም በሶማልኛ ነው፤ አንዱ የግዕዝ ፊደል ነው፣ ሁለቱ በላቲን ይጻፋሉ። አስጠኚውን በጉብዝናው ብቻ መርጦ መመደብ ስህተት ነው። በአማርኛ ከክፍሉ አንደኛ የሆነ ልጅ ቁቤ ካላነበበ በአፋን ኦሮሞ ለሚማር ልጅ አይረዳውም። በሌላ በኩል ክፍል ውስጥ ዝም የሚል፣ ሶማልኛ አፉን የፈታበት ተማሪ እዚህ ድንገት ከሁሉ ተፈላጊ ሲሆን ይታያል። ለዚህ ብቻ ሲባል እንኳ ሥራው መሞከር አለበት።

የሚበላሸው በሁለት መንገድ ነው። አንዱ፣ አስጠኚው መምህሩን መስሎ ይቆጣል፤ የሚያስተምረው እሱ ራሱ የተማረበትን መንገድ ነውና። ከመጀመሩ በፊት ሁለት ክፍለ ጊዜ ሥልጠና ያስፈልጋል፤ ልጁ ሲሳሳት ቃሉን አብሮ ማንበብ፣ ቆም ብሎ መጠበቅ፣ ጣት አለመቀሰር። ሌላው፣ አስጠኚው ለፈተና ሲያጠና ሦስት ሳምንት ይጠፋል፤ ሕፃኑ ግን በር በሩን ያያል። ስለዚህ ለየሦስቱ አስጠኚ አንድ ተጠባባቂ ይያዝ፣ 10ሩ ሳምንት ከፈተና ወር በፊት ይለቅ። በሩ ክፍት በሆነ ክፍል፣ መምህር ባለበት ብቻ ይሁን፤ አስጠኚና ልጅ ብቻቸውን አይሁኑ። ይህ የማይደራደሩበት ነው።

ድክመቱ የዜግነቱ ክር ቀጭን መሆኑ ነው። ክሩን ለማወፈር አስጠኚዎቹ በየክፍሉ ለስንት ልጅ አንድ የማንበቢያ መጽሐፍ እንዳለ ይቁጠሩ። ውጤቱንና ቁጥሩን አንድ ላይ አድርገው በወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረት ስብሰባ ላይ ያቅርቡ።

ችግኝ

አረንጓዴ አሻራ በ2011 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ትምህርት ቤቶች የሚጠየቁት ስንት ተተከለ ተብሎ ነው። ለድሬዳዋ ጥያቄው መሆን ያለበት ማን ያጠጣል ነው። እንቁጠረው። በመጀመሪያው በጋ አንድ ችግኝ በሳምንት ሁለት ጊዜ 10 ሊትር ይጠጣ። 50 ችግኝ ከተተከለ በሳምንት 1,000 ሊትር፣ ማለትም 50 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ነው። ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ያለውን 28 ሳምንት ብንይዝ 1,400 ጀሪካን ይሆናል። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ይህን የሚሸከም ክበብ እምብዛም አይገኝም። ችግኙ ታኅሣሥ ላይ ይደርቃል፤ ተማሪው የሚማረው ደግሞ የተተከለ ነገር እንደሚሞት ነው።

ስለዚህ ከመረጣችሁት 15 ወይም 20 ብቻ ትከሉ። 20 ችግኝ በሳምንት 20 ጀሪካን ነው፤ አንድ ቡድን በአንድ ቀን 10 ይሸከማል። ጉድጓዱ ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር ተቆፍሮ፣ ከሥሩ የበሰበሰ ፍግ ገብቶ፣ ዙሪያው ውኃ እንዲይዝ እንደ ሳህን ይደረግ። የልብስ ማጠቢያ ውኃ ሳሙናው ካልበዛ ለዛፍ ይሆናል። እሾህ አጥር ያስፈልጋል፤ ፍየሎቹ ወንጀል የለባቸውም፣ ያገኙትን ይበላሉ። ኒም ሙቀቱንም ድርቁንም ይችላል። የድሬዳዋ ዛፍ በከተማዋ ስም የሚጠራ፣ ጥላም አበባም ያለው ነውና ለግቢ ውስጥ ደስ ይላል፤ ሥሩ ግን ስለሚሰፋ ከግንብና ከቱቦ ራቅ ይበል።

ሌላ ችግር የወቅቱ ነው። መትከያው ሐምሌ ነው፣ ሐምሌ ላይ ተማሪ የለም። በክረምት በጎ ፈቃድ የሚተክሉት ጥቂቶች ናቸው፣ ከመስከረም በኋላ የሚያጠጡት ሌሎች። ርክክቡ በጽሑፍ ካልሆነ በመካከል ባለቤት ይጠፋል። በ3፣ በ6 እና በ12 ወር የቆመውን መቁጠርና የጸደቀውን በመቶኛ በሰሌዳ ላይ መለጠፍ ብቻ እንኳ ሥራውን ከፎቶ ወደ ትምህርት ይቀይረዋል።

የደቻቱ ጽዳት

ይህኛው ለፎቶ አንደኛ፣ ለትምህርት መጨረሻ ነው። ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው፤ ከዚራና መጋላ የተባሉትን ሠፈሮች ከፍሎ ያልፋል። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ በሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ወስዷል። ያን ለማያስታውስ የ15 ዓመት ልጅ አንድ ነገር በግልጽ ይነገረው፤ ጎርፉ የሚመጣው ከላይ ከተራራው ነው፣ ከተማው ላይ ጠብታ ሳይወርድ ሊመጣ ይችላል። ከሐምሌ እስከ መስከረም አንድም ተማሪ ለአገልግሎት ብሎ ወንዙ ውስጥ አይገባም። በሌላው ጊዜም ተራራው ላይ ደመና ከታየ ሥራው ይቆማል።

ፌስታልና ሃይላንድ ለቅሞ መሄድ ለሁለት ሳምንት ያስደስታል፤ ከዚያ ቦታው ወደነበረበት ይመለሳል። ግዴታ ሆኖ ከተሠራ እንዲህ ይሁን፤ ወፍራም ጓንትና የተሸፈነ ጫማ የሌለው አይገባም (ሲሪንጅና ብርጭቆ አለ)፣ 10 ጆንያ ተሞልቶ በዓይነት ተለይቶ ይመዘን፣ ከቦታው ቅርብ የሆነው የቆሻሻ ገንዳ በስንት ርምጃ እንደሚገኝ ይለካ። ርምጃው ብዙ ከሆነ የሚጻፈው ደብዳቤ ተገኘ።

ሐረር ላይ ለምትገኙ ሚዛኑ ይለወጣል። ወይና ደጋው ለችግኝ ይራራል፤ ጁገል ውስጥ ደግሞ የተሻለ አምስተኛ አማራጭ አላችሁ። በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበችውን የጥንታዊቷን ከተማ ግንብ በክፍል በክፍል ተከፋፍሎ የተሰነጠቀበትን፣ ውኃ የሚሰርግበትንና ቆሻሻ የተደገፈበትን በየስድስት ወሩ መመዝገብ። ተማሪ አይጠግንም፣ ድንጋይም አይነካም፤ ይመዘግባል፣ ለቅርስ ቢሮው ያስረክባል።

ሁሉም ተማሪ ወይስ ክበቡ ብቻ?

በአሜሪካ የሜሪላንድ ግዛት ከሁለተኛ ደረጃ ለመመረቅ 75 ሰዓት፣ በካናዳ ኦንታሪዮ 40 ሰዓት አገልግሎት ይጠይቃሉ። ሰዓት ብቻ ሲቆጠር የሚመጣው አደጋ የትም አንድ ነው፤ ፊርማ ማሰባሰብ። በእኛ አገር ሌላም ነገር ይታሰብ። በ1967 ዓ.ም. የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ለእድገት በኅብረት ሲዘምቱ ምርጫ አልነበራቸውም። ዛሬ አያት የሆኑት ያንን ያስታውሳሉ፤ «ዘመቻ» የሚለው ቃል በየቤቱ እኩል አይሰማም። ለወላጅ የሚላከው ወረቀት ላይ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ቦታው፣ አብሮ የሚሄደው መምህርና ልጁ ቢቀር ውጤቱ እንደማይቀነስ ይጻፍ። ከተማሪ ገንዘብ አይሰብሰብ።

የምንመክረው መካከለኛውን ነው። ፍተሻው ከሆነ ሙሉ ክፍሉ ይግባ፤ ቤት ለቤት መሄድ የማይችለው መረጃ ያጠናቅር። ንባቡና ችግኙ በፈቃደኛ ክበብ ይሠራ፤ ያለ ፍላጎቱ ሕፃን ፊት የተቀመጠ አስጠኚ ጉዳቱ ይበልጣል። ለአንድ ወሰነ ትምህርት ከ20 እስከ 24 ሰዓት ይበቃል፤ ከዚህ ውስጥ የጉልበቱ ድርሻ ከግማሽ አይለፍ። ቀሪው መዘጋጀት፣ ማስላት፣ ማሰላሰልና መጻፍ ነው። ከተከታታይ ምዘና 10 ነጥብ ከተሰጠ ነጥቡ ለመዝገቡና ለጽሑፉ ይሁን እንጂ ለተሸከመው ጀሪካን አይሁን። ለማሰላሰያው ሦስት ጥያቄ ይበቃል፤ ምን አየህ? ለምን እንዲህ ሆነ? መለወጥ የሚችለው ማን ነው?

መምህራችሁ አንድ ብቻ ከሆነና ጊዜ ካጠረ የውኃ ዕቃ ፍተሻውን ያዙ። አጠገባችሁ አንደኛ ደረጃ ካለና ሦስቱን ቋንቋ የሚያነብ ተማሪ ካላችሁ ንባቡን። ግቢያችሁ ውስጥ የራሱ ጉድጓድ ውኃ ካለ ችግኙን አስቡበት።

የቱንም ብትመርጡ ደብዳቤው ላይ አትቸኩሉ። ከአንድ ገጽ አይለፍ፤ ከላይ የተለካው ቁጥር፣ ቀጥሎ የተለካበት ቀንና ቦታ፣ በመጨረሻ አንድ ጥያቄ ብቻ። «የውኃ ችግር ይፈታልን» ለሚል መልስ የሚሰጥ የለም፤ «ለዚህ መንደር ውኃ የሚለቀቅበት ቀን አስቀድሞ ይለጠፍልን» ለሚል ግን መልስ መስጠት ይቻላል። በርዕሰ መምህሩ ፊርማና በትምህርት ቤቱ ማኅተም በሁለት ቅጂ ይዘጋጅ። ሁለት ተማሪዎች ራሳቸው መዝገብ ቤት ይውሰዱት፤ አንዱን ገቢ አስደርገው በሌላው ላይ ቁጥርና ቀን አስመትተው ይመለሱ። በ30 ቀን መልስ ካልመጣ ያንን ቁጥር ጠቅሰው ሁለተኛ ይጻፉ፤ ኃላፊውንም ክፍላቸው ድረስ ይጋብዙ። ቁጥር ያለበት ቅጂ በክፍሉ ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ ይቆይ።